የመጨረሻዋ አናባቢ፦ የኦዲያ ቋንቋና የኦዲሻ ክልላዊ ማንነት

ኦዲሻ በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተዘረጋች ክፍለ ግዛት ናት። በሰሜን ምሥራቅ ምዕራብ ቤንጋል፣ በሰሜን ጃርካንድ፣ በምዕራብ ቻቲስጋር፣ በደቡብ አንድራ ፕራዴሽ ያዋስኗታል። በ2011 የተካሄደው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ የክፍለ ግዛቲቱን ነዋሪ ወደ 42 ሚሊዮን አድርሶታል፤ በመላው ሕንድ «ኦዲያ» በሚለው ርእስ ሥር የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተናጋሪ ሆኖ የተመዘገበው ሕዝብ ደግሞ 37.5 ሚሊዮን ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

የተናጋሪዎቹ ብዛት ግን ቋንቋውን ከጥርጣሬ አላዳነውም። በ1870 ኦዲያ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም የሚል መጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቤንጋሊኛ እንዲተካውም ተጠይቆ ነበር። ያ ክርክር ሰባ ዓመት ሳይሞላው ኦዲሻ በቋንቋ መሠረትነት የተከለለች የመጀመሪያዋ የሕንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው በእነዚህ ሁለት ክንውኖች መካከል ያለውን መንገድ ነው። አንድን አነጋገር «ቋንቋ» ወይም «ዘዬ» የሚያሰኘው የሰዋስው ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከኦዲያ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ትናንት በኦዲያ ላይ የቀረበው ጥያቄ ዛሬ በክፍለ ግዛቲቱ ምዕራባዊ ወረዳዎች ለኦዲያ ተናጋሪዎች ራሳቸው ቀርቧል።

ስሙና ድምፁ

የሕዝቡና የቋንቋው ስም ለረጅም ጊዜ በውጭ አገር መጻሕፍት «ኦሪያ»፣ የአገሩም «ኦሪሳ» እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። ምክንያቱ ፖለቲካ ሳይሆን አንዲት ድምፅ ናት። በስሙ መካከል ያለችው ተናባቢ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ በፍጥነት ሲወነጨፍ የምትፈጠር፣ ለ«ድ» እና ለ«ር» እኩል የምትቀርብ ድምፅ ናት። እንግሊዞች በጆሯቸው የሰሙት «ር» ስለ ነበር እንደዚያው ጻፉት። የሕንድ ፓርላማ በ2011 ባጸደቀው ዘጠና ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የቋንቋው ስም በይፋ «ኦዲያ» ሆነ፤ የክፍለ ግዛቲቱም ስም በዚያው ዓመት «ኦዲሻ» ተባለ። የአማርኛ ፊደልም ለዚህች ድምፅ የራሱ ምልክት የለውም፤ በዚህ ጽሑፍ «ድ» የተመረጠው ሕዝቡ ራሱ በላቲን ፊደል የመረጠውን ለመከተል ነው።

ኦዲያ ከሕንድ-አርያን ቋንቋዎች ከምሥራቁ ቅርንጫፍ ይመደባል። የቅርብ ዘመዶቹ ቤንጋሊኛና አሳምኛ ናቸው፤ ሦስቱም በጥንቷ ማጋዳ አካባቢ ይነገር ከነበረው ፕራክሪት እንደ ወረዱ ይታመናል። በደቡብ በኩል የሚጎራበተው ቴሉጉ ከድራቪዳውያን ወገን ነው። በክፍለ ግዛቲቱ ደጋማ ስፍራዎች ደግሞ ከሙንዳ ወገን የሆኑት ሳንታሊ፣ ሆ፣ ሙንዳሪና ሳኦራ፣ ከድራቪዳውያንም ወገን ኩዊ ይነገራሉ። ኦዲያ እንግዲህ የሦስት የቋንቋ ቤተሰቦች መገናኛ ላይ የተቀመጠ ቋንቋ ነው።

ከዘመዶቹ የሚለየውን ነገር ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት በጽሕፈቱ በኩል መግባት ይቀላል። የኦዲያ ፊደል ከግዕዝ ፊደል ጋር በአንድ የጽሕፈት ዓይነት ይመደባል፤ እያንዳንዱ ተናባቢ አንድ አናባቢ በውስጡ ይዞ ይጻፋል፣ ሌላ አናባቢ ሲፈለግ በፊደሉ ላይ ወይም በአጠገቡ ምልክት ይጨመርበታል። የጽሕፈት ሥርዓቶች አጥኚው ፒተር ዳኒየልስ ለዚህ ዓይነት ጽሕፈት መጠሪያ ያደረገው «አቡጊዳ» የሚለውን የኢትዮጵያ ቃል ነው። ስለዚህ ዛሬ የኦዲያ ፊደል በሙያው ቋንቋ የሚታወቀው ከአብነት ትምህርት ቤት በተወሰደ ስም ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ምልክት ያልተጨመረበት ፊደል በቃል መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ነው። «ቤት» የሚለው ቃል በሂንዲ፣ በቤንጋሊኛና በኦዲያ የሚጻፈው በተመሳሳይ ሁለት ፊደላት ነው። የሂንዲ ተናጋሪ «ገር» ብሎ ያነበዋል፤ ቤንጋሌው «ጎር» ይለዋል፤ ኦዲያው ግን የመጨረሻዋን አናባቢ ሳይውጥ «ጎሮ» ይላል። (በፊደላችን «ኦ» ተብላ የተጻፈችው አናባቢ በእርግጥ በ«ኦ» እና በ«አ» መካከል ያለች፣ አፍ ከፈት ተደርጎ የምትነገር ናት።) «አበባ» በሂንዲና በቤንጋሊኛ «ፑል» ሲሆን በኦዲያ «ፑሎ» ነው፤ «ሰዎች» የሚለውም በቤንጋሊኛ «ሎክ»፣ በኦዲያ «ሎኮ» ነው። አማርኛ አንባቢ ሳድስ ፊደል ሲያጋጥመው አናባቢ ይኑረው አይኑረው በልማድ ያውቀዋል እንጂ ፊደሉ አይነግረውም። ሂንዲ አንባቢም በቃል መጨረሻ ተመሳሳይ ሥራ ይጠብቀዋል። ኦዲያ አንባቢ ግን በአብዛኛው የተጻፈለትን ሁሉ ያነባል፤ ተናባቢው ያለ አናባቢ እንዲቀር ሲፈለግ ከፊደሉ ሥር የተለየ ምልክት ይደረጋል።

ሌሎችም ልዩነቶች አሉ። ኦዲያ ሁለት ዓይነት «ል» እና ሁለት ዓይነት «ን» በንግግር ይለያል፤ ከእያንዳንዳቸው አንዱ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚነገር ነው። ቤንጋሊኛ ይህን ልዩነት በንግግር ትቶታል። የሙያ ቅጥያዎቹም የራሱ ናቸው፦ «ጎሮኩ» ወደ ቤት፣ «ጎሮሬ» በቤት፣ «ጎሮሮ» የቤት ማለት ነው። የአማርኛ አንባቢ በመጨረሻዋ ቃል ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ መመሳሰሉ ግን ከአጋጣሚ የዘለለ አይደለም።

የፊደሉ ቅርጽ ከሁሉ በፊት ዓይን ይስባል። የሂንዲና የቤንጋሊኛ ፊደላት ከላያቸው ቀጥ ያለ አግድም መስመር ሲኖራቸው፣ የኦዲያው አናት እንደ ጃንጥላ የከበበ ነው። የተለመደው ማብራሪያ ጽሕፈቱ በዘንባባ ቅጠል ላይ በብረት ወስፌ ይጫር ስለ ነበር ቀጥ ያለ መስመር የቅጠሉን ጭረት ተከትሎ ይቀደው ነበር የሚል ነው። ማብራሪያው አሳማኝ ነው፤ ደቡብ ሕንድም በዘንባባ ቅጠል ላይ የሚጽፉ ሕዝቦች ፊደላቸውን አክብበዋል።

ከዋሻው ጽሑፍ እስከ መንደሩ ንባብ ቤት

የኦዲሻ አገር በጥንት ስሙ ካሊንጋ ይባል ነበር። ንጉሥ አሾካ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ካሊንጋን ወግቶ ከድል በኋላ የጸጸት ቃሉን በየድንጋዩ እንዳስጻፈ የታወቀ ነው፤ ከትእዛዛቱ አንዳንዶቹ ዛሬም ከቡባኔሽዋር ከተማ አጠገብ ዳውሊ በሚባለው ስፍራ ይታያሉ። በዚያው አካባቢ ኡዳያጊሪ በተባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ የካሊንጋው ንጉሥ ካራቬላ ያስቀረጸው ረጅም የዋሻ ጽሑፍ አለ። የኦዲያ ወዳጆች የቋንቋቸውን ዕድሜ ከዚህ መቁጠር ይወዳሉ። በሥነ ልሳን ሚዛን ግን የዋሻው ጽሑፍ ፕራክሪት እንጂ ኦዲያ አይደለም፤ አያት ከልጅ ልጅ ጋር አንድ ሰው አይሆንም። ኦዲያ ብሎ በእርግጠኝነት መጥራት የሚቻለው ጽሑፍ የሚገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ በቀደምትነት የሚጠቀሰውም በ1051 የተጻፈው የኡራጃም የድንጋይ ጽሑፍ ነው።

የድንጋይ ጽሑፍ የመንግሥት ነው፤ ቋንቋውን የሕዝብ ያደረጉት ግን ገጣሚዎች ናቸው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳራላ ዳስ ማሃባራታን በኦዲያ ጻፈ። ራሱን ከዝቅተኛው ወገን የተወለደ ሰው አድርጎ የሚያስተዋውቀው ይህ ደራሲ ሥራውን ከሳንስክሪት ቃል በቃል አልመለሰም፤ የአገሩን ወንዝ፣ ተራራና ተረት አስገባበት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ጃጋናት ዳስ የባጋቫታን መጽሐፍ በኦዲያ አቀረበ። ትውፊት እንደሚለው የጻፈው ሳንስክሪት ለማይገባት እናቱ ነው። ስንኙ ዘጠኝ ዘጠኝ ቀለም ያለው ነው፤ ከላይ የተባለችው የመጨረሻዋ አናባቢ ስለማትዋጥም ዓይን የሚቆጥረው ፊደልና ጆሮ የሚሰማው ቀለም በአብዛኛው ይገጥማሉ። ማንበብ የማያውቅ ሰው እንኳ በቀላሉ በቃሉ ይይዘዋል።

በየመንደሩ ለዚህ መጽሐፍ ንባብ የተለየች ጎጆ ትሠራ ነበር፤ «ባጋባታ ቱንጊ» ትባላለች። በምሽት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ንባብ ይሰማባታል፣ ልጆችም ፊደል ይቆጥሩባታል፣ ጠበኞችም ይዳኙባታል። የእንግሊዝ አስተዳደር ትምህርት ቤት ከመክፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት ኦዲያ ማንበብ የሚያውቅ ገበሬ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሴቶችም የራሳቸው ንባብ ነበራቸው፤ ባላራማ ዳስ የጻፈውን የላክሽሚ ፑራናን በማርጋሺራ ወር ሐሙስ ሐሙስ በየቤታቸው ያነቡታል። መጽሐፉ የምትናቀውን የዝቅተኛ ወገን ሴት ቤት አማልክቲቱ እንደ ጎበኘች፣ ስለዚህም ከቤተ መቅደስ እንደ ተባረረች፣ በመጨረሻም አባራሪዎቿ ተርበው እንደ ለመኗት ይተርካል። ይህን የመሰለ ታሪክ በየሳምንቱ በቋንቋው የሚሰማ ሕዝብ ቋንቋ የለህም ሲሉት ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ተከፋፍሎ የተገዛ አገር

እንግሊዞች የኦዲሻን ጠረፍ የያዙት በ1803 ነው። ከዚያ በኋላ ኦዲያ ተናጋሪው ሕዝብ በአንድ አስተዳደር ሥር አልኖረም፦ ካታክ፣ ፑሪና ባላሶር በካልካታ ከሚመራው ከቤንጋል፣ በደቡብ ጋንጃም ከማድራስ፣ በምዕራብ ሳምባልፑር በኋላ ከማዕከላዊ ጠቅላይ ግዛቶች ጋር ተደረጉ። በመካከልም በርካታ ትናንሽ መሳፍንት በየራሳቸው ቀሩ። በየአስተዳደሩ ኦዲያ የጥቂቶች ቋንቋ ሆነ፤ በአንዱ ከቤንጋሊኛ፣ በሌላው ከቴሉጉ፣ በሦስተኛው ከሂንዲ በታች።

ውጤቱ በመጀመሪያ የታየው በመሬት ላይ ነው። የመሬት ግብሩን በተወሰነው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልከፈለ ባለ ርስት ርስቱ በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ ጨረታው የሚካሄደውም በሩቁ ካልካታ ነበር። ስለ ጨረታው ሳይሰሙ ርስታቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው፤ የገዙትም በአብዛኛው የካልካታ ሰዎች ነበሩ። በፍርድ ቤትና በጽሕፈት ቤት ያሉት ጸሐፊዎችም ከቤንጋል የመጡ ነበሩ። ባለጉዳዩ ክርክሩን በማይገባው ቋንቋ እየሰማ በማያነበው ወረቀት ላይ ይፈርም ነበር።

በ1865 ዝናም ቀረ። የሩዝ ዋጋ ሲያሻቅብ የካልካታ ሹማምንት በአገሩ በቂ እህል አለ ብለው ከውጭ ለማስመጣት ዘገዩ፤ በ1866 አጋማሽ ሊልኩ ሲነሡ ደግሞ የክረምቱ ማዕበል ወደቦቹን ዘጋ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በሦስቱ የጠረፍ ወረዳዎች ከሦስት ሰው አንዱ እንደ ሞተ ነው። አማርኛ «ክፉ ቀን» እንደሚለው ኦዲያም ለዚህ ዘመን የራሱ ስም አለው፤ «ና አንካ» ይባላል፣ በፑሪው ንጉሥ የዘመን አቆጣጠር ዘጠነኛው ዓመት ማለት ነው። ከጥፋቱ በኋላ የቀረበው የምርመራ ሪፖርት አስተዳደሩን ክፉኛ ወቀሰ። የአገሩ ሰዎች ከዚህ የተማሩት ግን ከሪፖርቱ የሚበልጥ ነው፦ በራሱ ቋንቋ የሚጮኽበት ጋዜጣ፣ በራሱ ቋንቋ የሚሰማው ሹም የሌለው ሕዝብ እየተራበ እንኳ እንደማይታወቅለት አዩ። የመጀመሪያው የኦዲያ ጋዜጣ ተብሎ የሚታወቀው «ኡትካል ዲፒካ» በዚያው በ1866 በካታክ በጋውሪሻንካር ራይ አዘጋጅነት መውጣት የጀመረው በአጋጣሚ አልነበረም።

«ቋንቋ አይደለም»

ክርክሩ የፈነዳው ረኃቡ ካለፈ በኋላ ነው። መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሊያስፋፋ ሲነሣ በምን ቋንቋ ይሁን የሚለው ጥያቄ መጣ። በ1868 የታወቀው የካልካታ ሊቅ ራጄንድራላል ሚትራ በካታክ ተገኝቶ ኦዲያ ትምህርት ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ የሕዝቡ ዕድገት እንደሚዘገይ ተናገረ። መከራከሪያው የገበያ ነበር፦ ቁጥሩ ጥቂት፣ ኪሱም ባዶ የሆነ ሕዝብ የራሱን መጻሕፍት ሊያሳትም አይችልም፤ ቤንጋሊኛን ቢቀበል ግን የተዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት ይከፈትለታል። በ1870 ደግሞ በባላሶር ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ካንቲቻንድራ ባታቻርያ ነገሩን ወደ ሥነ ልሳን አዞረው፤ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ኦዲያ የቤንጋሊኛ ዘዬ እንጂ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም አለ።

የሁለቱን መከራከሪያዎች ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስለ ኦዲያ ሰዋስው አንዳች የሚለው የለም፤ የሚናገረው ስለ ማተሚያ ወጪ ነው። ሁለተኛው በሳይንስ ስም ይምጣ እንጂ የቆመው ለመምህራን ቦታ ነበር፤ ቤንጋሊኛ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ቢቀጥል መምህር መሆን የሚችሉት አስቀድመው የሚያውቁት ነበሩና።

ለሁለተኛው መልስ የሰጠው የባላሶር አስተዳዳሪ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቢምስ ነው። ቢምስ የሕንድ-አርያን ቋንቋዎችን ንጽጽራዊ ሰዋስው በማዘጋጀት ላይ ነበርና ነገሩን በመረጃ መረመረው። ኦዲያ ቤንጋሊኛ የጣላቸውን ጥንታዊ ቅርጾች ይዟል፤ የመጨረሻዋም አናባቢ ከእነዚህ አንዷ ናት። ልጅ ከአባቱ የጠፋውን ጥርስ ይዞ ሊወለድ ስለማይችል ኦዲያን ከቤንጋሊኛ የወጣ ዘዬ ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህ መልስ ዛሬም የጸና ነው።

ለመጀመሪያው መከራከሪያ ግን ሰዋስው መልስ አይሆንም፤ መልሱ መጽሐፍ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት የተረዳው ፋኪር ሞሃን ሴናፓቲ (1843–1918) ነበር። ስሙ ራሱ ታሪክ አለው፤ በሕፃንነቱ ወላጆቹን አጥቶ ሲታመም ያሳደገችው አያቱ ቢድንላት ለእስላም ፈኪሮች ልታገለግለው ስለ ተሳለች «ፋኪር» የሚለው ስም ወጣለት። በቂ ትምህርት ሳያገኝ ያደገው ይህ ሰው በ1868 በባላሶር ማተሚያ ቤት አቋቋመ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ጻፈ፣ ለቢምስም በጥናቱ ረዳው። በሽምግልናው ዘመን ደግሞ ለኦዲያ ዘመናዊ ልብ ወለድ ሰጠው። ከ1897 ጀምሮ በመጽሔት በተከታታይ የወጣው «ቻ ማና አታ ጉንታ» ርእሱ የአንድ ማሳ ስፋት ነው። ባልና ሚስት ሸማኔዎች ያቺን ማሳቸውን በብድር ወረቀትና በፍርድ ቤት ተንኮል ለባለጠጋው ለራማቻንድራ ማንጋራጅ ሲያስረክቡ ያሳያል። ደራሲው የፍርድ ቤቱን የተወሳሰበ ቋንቋ እያስመሰለ ያፌዝበታል፤ ተራኪው ደግሞ በመንደር ሰው ኦዲያ ይናገራል። ለኦዲያ ሥነ ጽሑፍ «ቋንቋ ነው» ከሚል ከማናቸውም ክርክር ይልቅ ይህ መጽሐፍ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ክርክሩ የኦዲያ ሕዝብ ከቤንጋል ሕዝብ ጋር ያደረገው ጠብ ተደርጎ ይተረካል፤ ሰዎቹ ሲታዩ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ጋዜጠኛው ጋውሪሻንካር ራይና የዘመናዊው የኦዲያ ግጥም አባት የሚባለው ራዳናት ራይ ከቤንጋል መጥተው ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለዱ ነበሩ። ትውልድ ሁሉ ፊደል የቆጠረበትን «ባርናቦዳ» ያዘጋጀው ማዱሱዳን ራኦ ደግሞ ዘሩ ከማራታዎች ነው። በሌላ ወገን ለኦዲያ የቆመው ቢምስም እንግሊዛዊ ነበር። የኦዲያ ማንነት በዚያ ዘመን የተቀረጸው በደም ሐረግ ሳይሆን በፊደል ገበታ ነው።

ከጉባኤ ወደ ወሰን

ቋንቋውን ከትምህርት ቤት የማስወጣቱ ሐሳብ ቢከሽፍም የአስተዳደሩ መከፋፈል ቀጠለ። በ1895 የማዕከላዊ ጠቅላይ ግዛቶች መንግሥት በሳምባልፑር የፍርድ ቤትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሂንዲ እንዲሆን ወሰነ። የሳምባልፑር ሰዎች አቤቱታ ጻፉ፣ መልእክተኞች ላኩ፤ በአዲሱ ክፍለ ዘመን መባቻ ኦዲያ ተመለሰላቸው። በ1905ም ሳምባልፑር ከቀሩት የኦዲሻ ወረዳዎች ጋር ተቀላቀለች። ይህን የሳምባልፑር ተጋድሎ አንባቢ እንዲያስታውሰው ያስፈልጋል።

በ1903 ማዱሱዳን ዳስ የተባለው የካታክ ጠበቃ «ኡትካል ሳሚላኒ» የተሰኘውን ጉባኤ ጠራ። ማዱሱዳን ከኦዲያ ሕዝብ የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተመራቂ ነበር፤ ሃይማኖቱም ክርስትና ነበር። ጉባኤው «የኦዲያ» ከመባል ይልቅ በጥንታዊው የአገር ስም «የኡትካል» መባሉ በዚያ የሰፈሩትን ቤንጋሌዎች፣ ቴሉጎችና ሌሎች እንዳያገልል ታስቦ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት የፈጀው ልመና፣ የኮሚሽንና የካርታ ውጣ ውረድ እዚህ ቢዘረዘር አሰልቺ ይሆናል። ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ካታክ፣ ፑሪ፣ ባላሶር፣ ሳምባልፑር፣ ጋንጃምና ኮራፑት አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆኑ። ቀኑ እስከ ዛሬ «ኡትካል ዲባስ» ተብሎ ይከበራል።

ወሰኑ ግን ቋንቋን ተከትሎ ሊሰመር አልቻለም፤ ቋንቋ በመሬት ላይ መስመር የለውምና። በሚድናፑር፣ በሲንግቡምና በደቡቡ ጠረፍ ብዙ ኦዲያ ተናጋሪዎች ከወሰኑ ውጭ ቀሩ። በውስጥ ደግሞ ኦዲያ የማይናገሩ የደጋ ሕዝቦች ተጠቃለሉ። የመጨረሻው ክፋት የታየው ከነጻነት በኋላ መሳፍንቱ ሲዋሐዱ ነው። ጥር 1 ቀን 1948 በካርሳዋን ከተማ ወደ ኦዲሻ መጠቃለላቸውን የተቃወሙ የሙንዳና የሆ ሕዝቦች በገበያ ቀን ተሰብስበው ሳለ የኦዲሻ ፖሊስ ተኮሰባቸው። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ካርሳዋንና ጎረቤቷ ሳራይኬላ በዚያው ዓመት ወደ ቢሃር ተዛወሩ። የተበደለ ቋንቋ ተናጋሪ ድንበር ሲያገኝ ሌላውን እንደማይበድል ዋስትና የለም፤ በኦዲሻ የታሪክ መጻሕፍት ይህ ቀን የሚይዘው ቦታ ከ1936ቱ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቤተ መቅደስ፣ ጣፋጭና የክብር ስም

ሕዝቡን ከቋንቋው ቀጥሎ ያስተሳሰረው የፑሪው ጃጋናት ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጀመረው ቤተ መቅደስ የእንጨት ምስሎቹን በየዓመቱ በታላላቅ ሠረገላዎች ወደ አደባባይ ያወጣቸዋል፤ ንጉሡም የአምላኩ የመጀመሪያ አገልጋይ ነውና የወርቅ እጀታ ባለው መጥረጊያ ሠረገላውን ይጠርጋል። ምስሎቹን የሚንከባከቡት ዳይታዎች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከደጋው የሳባራ ሕዝብ ነው። ይህ ትውፊት የደጋውን ሕዝብ የኦዲሻ ቀዳሚ አድርጎ ያከብረዋል፤ ቋንቋው ግን ከቤተ መቅደሱ ውጭ ነው።

ከቤንጋል ጋር የነበረው ፉክክር ዛሬ ቀለል ባለ መልክ ይታያል። ራሶጎላ የተባለው በስኳር ውኃ የተነከረ የአይብ ጣፋጭ የማን ፈጠራ ነው የሚለው ክርክር ለዓመታት ጋዜጦችን ሞልቶ ነበር። ምዕራብ ቤንጋል በ2017፣ ኦዲሻም በ2019 ለየራሳቸው ዓይነት የመገኛ ስፍራ ምዝገባ አገኙ፤ ሁለቱም አሸነፍን ብለዋል።

ከጣፋጩ የሚበልጠው ድል በ2014 መጣ፦ የሕንድ መንግሥት ለኦዲያ «ክላሲካል ቋንቋ» የሚለውን ማዕረግ ሰጠ። ኦዲያ ይህን በማግኘት ስድስተኛው ነው፤ ከሕንድ-አርያን ወገን በዚያን ጊዜ ከሳንስክሪት ሌላ ማዕረጉ የነበረው አልነበረም። ቤንጋሊኛ ያገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2024 ነው። ማዕረጉ ለጥናት ገንዘብ ያስገኛል፤ የዕለት ኑሮን ግን ብዙም አይነካም። ኦዲያን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ያደረገው ሕግ በ1954 ወጥቶ ሳለ ጽሕፈት ቤቶቹ ለአስርት ዓመታት በእንግሊዝኛ መጻፋቸውን ቀጥለዋል።

ጥያቄው ሲመለስ

በምዕራብ ኦዲሻ፣ በሳምባልፑር፣ በባርጋር፣ በባላንጊርና በአካባቢያቸው የሚነገረው አነጋገር ሳምባልፑሪ፣ በሌላ ስሙም ኮስሊ ይባላል። በዚህ አነጋገር «አበባ» «ፑል»፣ «ሰዎች»ም «ሎክ» ነው፤ የመጨረሻዋ አናባቢ የለችም። የታጠፉት «ል» እና «ን»ም ከተራዎቹ ጋር ተዋሕደዋል። ኦዲያን ከቤንጋሊኛ ለመለየት በምስክርነት የቀረቡት ድምፆች እዚህ የሉም ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያዎች ይወጣሉ። የሳምባልፑሪ ጸሐፍት፣ ከእነርሱም መካከል ሰዋስው ያዘጋጀለት ሳትያ ናራያን ቦሂዳር፣ ራሱን የቻለ ቋንቋ መሆኑን ያሳያል ይላሉ። በካታክ ያሉ ምሁራን ደግሞ አናባቢ መጣል ዘዬ ከዘዬ የሚለይበት ተራ ነገር ነው፣ ሳምባልፑሪ የኦዲያ ዘዬ ነው ይላሉ። የኋለኞቹ አነጋገር ከ1870ው መጽሐፍ ጋር ያለው መመሳሰል ሳያስገርም አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ከሰዋስው ብቻ ፍርድ መስጠት አይቻልም፤ ከጠረፍ እስከ ደጋ አነጋገሩ የሚለወጠው ቀስ በቀስ ነው፣ አንድ መንደር ከጎረቤቱ ጋር የማይግባባበት ስፍራ የለም።

ጥያቄውን ያከረረው ሌላ ነው። በ1957 የተመረቀው የሂራኩድ ግድብ ያሰጠመው የሳምባልፑርን ምድር ነው። ባላንጊርና ካላሃንዲ በድርቅና በረኃብ ስማቸው የሚነሣ፣ ሰዎቻቸው ጡብ ለመሥራት ሩቅ አገር የሚሰደዱባቸው ወረዳዎች ናቸው። ሥልጣኑና መሥሪያ ቤቱ በጠረፉ ከተሞች ነው። «ኮሻል» የተባለ ክፍለ ግዛት ይቋቋምልን የሚለው ጥያቄ ከቋንቋው ጥያቄ ጋር የሚሄደው ስለዚህ ነው። አያቶቻቸው በ1895 ለኦዲያ ሲሉ ሂንዲን እንደ ተቃወሙ ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ፤ አንዱ ለአንድነት፣ ሌላው ለተረሳ ውለታ ምስክር ያደርገዋል።

መጽሐፉ ግን መምጣት ጀምሯል። በባርጋር ወረዳ የተወለደውና ከሦስተኛ ክፍል ትምህርቱን ያቋረጠው ገጣሚ ሃላዳር ናግ በሳምባልፑሪ የጻፋቸውን ግጥሞች ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል፤ በ2016 የሕንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ሽልማት ሰጥቶታል። ሳንታሊ ደግሞ ከማዩርባንጅ የተነሣው ራጉናት ሙርሙ በ1925 በፈጠረለት ኦል ቺኪ ፊደል እየተጻፈ፣ በ2003 በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ሠንጠረዥ ገብቷል። ሠንጠረዡ ዛሬ 22 ቋንቋዎች አሉት፤ በዚያ የገባ ቋንቋ የመንግሥት ፈተና ይወዳደሩበታል፣ ሥነ ጽሑፉም በአገር ደረጃ ይሸለማል። ሳምባልፑሪ እዚያ የለም። በ2011 ቆጠራ ሳምባልፑሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ያሉ ከ2.6 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የተደመሩት «ኦዲያ» በሚለው ርእስ ሥር ነው፤ በመግቢያው በተጠቀሰው 37.5 ሚሊዮን ውስጥ እነርሱም አሉበት።